ከሂናው ሥር

በእኛ የድንበር ከተማ የአሮጊት እግር የሚታየው ለአሮጊቷ ታስቦ አይደለም፤ ልጆቿና ምራቶቿ የሚመዘኑት በእሱ ነው። ተረከዟ ከተሰነጣጠቀ “ሰው የላትም” ይባላል። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሂና ከተቀባች ደግሞ “የታደለች!”

ክሊኒኩ ስኳር ያለባቸውን አዛውንቶች ቤት ለቤት እየዞሩ እግራቸውን የሚያዩ ሴቶች ሲያሠለጥን፣ እኔን የመረጠኝ ማንበብ ስለምችል ነው። ፊደል የቆጠርኩት ግን እኩዮቼ ልጆቻቸውን ሲድሩ ነበር፣ ከድንበሩ ወዲያ ባለ የማታ ትምህርት ቤት። ሰፈሩ ይህን ረስቶልኝ አያውቅም። ሥራው ለመናገር ቀላል ነው። አጥበህ በጣቶቹ መካከል ታደርቃለህ፣ ጥፍሩን ቀጥ አድርገህ ትቆርጣለህ፣ ከዚያ ታያለህ። ስኳር እግርን ያደነዝዛል፤ ሰው እሾህ ረግጦ ሳያውቀው ሲሄድበት ይውላል። ሕመሙ ዝም ስለሚል የሚቀረው ዓይን ብቻ ነው። ጣት ጠቆረ ማለት ቶሎ ሆስፒታል ማለት ነው።

አዳዳ፣ የአባቴ እህት፣ ከልጇና ከምራቷ ጋር ትኖር ነበር። ልጇ በዳበልና በቦሪ ገበያዎች ከብት እየገዛ ስለሚሸጥ ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። አዳዳ የምትመካው በእግሯ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ድንበሩን ተሻግራ፣ ወዲያ ማዶ ያገባች ልጇ ዘንድ ሄዳ፣ ምራቷ ያስቀየመቻትን ሁሉ አውርታ ቀለል ብሏት ትመለሳለች። “እግሬ ካለ ማንንም አልለምንም” ትል ነበር።

አንድ ጊዜ ኢድ ሲቃረብ ሳፋዬን ይዤ ስሄድ ምራቷ በር ላይ አስቆመችኝ።

“ዛሬ እጥበት የለም፣ ምዋሊሙ።” በስዋሂሊ አስተማሪ ማለቷ ነው፤ ሲያሰኛት እንዲህ ታሾፍብኛለች። “ሂና ቀብቻታለሁ። ውሃ ከነካው ይገረጣል።”

አዳዳ ምንጣፍ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ጠቆር እንዲል የጸጉር ቀለም ተደባልቆበት ኖሮ ጣቶቿ ከጫፍ እስከ ሥር ጥቁር ናቸው። ጎረቤቶች ከብበዋታል።

“የሙሽራ እግር አይመስልም?” አለች አንዷ።

“ሙሽራውን ፈልጉልኛ ታዲያ!” አለች አዳዳ፤ ሳቁ።

አጠገቧ ስቀመጥ ሽታው ደረሰኝ። የሂና ሽታ አልነበረም። የቀኝ እግሯን ትንሿን ጣት ጫን አልኳት።

“ይሰማሻል አዳዳ?”

“ምኑ?”

“የነካሁሽ።”

“የት ነክተሽኝ?”

ጣቷ ቀዝቃዛ ናት። እንደ ሌሎቹ ጥቁር ስለሆነች ግን ዓይን አይለያትም።

“ዛሬውኑ ሆስፒታል መሄድ አለባት” አልኩ። “ይቺ ጣት ሞታለች።”

“ሞታለች! ስሟት እንግዲህ፣ በኢድ መዳረሻ!” አለች ምራቷ። “ሁሉም ጥቁር አይደሉም እንዴ?”

“ሽታውስ?”

“ቅጠሉ ነዋ። አንቺ በምን ታውቂዋለሽ? ለመሆኑ ማን ሂና ቀብቶሽ ያውቃል?”

ያላገባሁ መሆኔን ሁሉም ያውቃል። ጎረቤቶቹ መሬት መሬት አዩ። ለልጇ ብደውልለት “ከብት እያስጫንኩ ነው፤ ሚስቴ ታውቃለች” ብሎ ዘጋው። የቀረችው አዳዳ ራሷ ነበረች።

“ተነሺ፣ ቦዳ ቦዳ ልጥራና በሞተር እንሂድ” አልኳት።

“ወዲያ ማዶ ያሉት ለኢድ ይመጣሉ፤ ሆስፒታል ተኝቼ ልቀበላቸው? ኢድ ይለፍ ልጄ።” ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። “ደግሞ ስትቀባኝ እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ ስንት ሰዓት ተቀመጠች መሰለሽ። ከመጣች ጀምሮ እንዲያ ነክታኝ አታውቅም።”

ሳፋዬን ይዤ ወጣሁ።

ኢድ አለፈ። እንግዶቹ እግሯን አድንቀው ሄዱ። በትኩሳት ስትቃጠል ሆስፒታል ወሰዷት፤ ሐኪሙም እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጠው። በእኛ ዘንድ የተቆረጠ አካል አይጣልም። ልጇ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ወስዶ ቀበረው። ሲጠቀለል አይቻለሁ፤ ሂናው ገና አልለቀቀም ነበር።

ሊያጽናኑ የመጡት ሴቶች ምራቷን ከበው “ፖሌ፣ አይዞሽ” አሏት። “ቢሆንም አሳምረሽ ነው የሸኘሽው።” አለቀሰች፤ ከልቧ ይመስለኛል። ጥግ ላይ ደግሞ አንዷ ለሌላዋ ስትነግራት ሰማሁ፦ “ያቺ ናት እኮ፣ ጣትሽ ሞታለች ብላ አፏን የከፈተችባት።”

የሐሙሱ መንገድ በዚያው ቀረ። ወዲያ ማዶ ያለችው ልጇ መጀመሪያ ሰሞን መጣች፤ በኋላ በስልክ ሆነ፤ በኋላ ስልኩም ሳሳ።

የሚቀጥለው በዓል ሲቃረብ የቀረውን እግር ላጥብ ሄድኩ። አጥቤ በጣቶቹ መካከል ሳደርቅ ምራቷ የሂናውን ሳህን ይዛ ገባች። አዳዳ እግሯን ከእጄ አውጥታ ወደ እሷ ዘረጋችው።

“አዳዳ!” አልኳት።

“አትኮሳተሪብኝ። አንቺ ሳፋሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ወደ ሽንት ቤት ደግፋ የምትወስደኝ እሷ ናት።”

“እሺ፤ ትንሿን ጣት ብቻ ተዪያት” አልኳት ምራቷን። “እንዳያት።”

ምራቷ ቀና ብላ አየችኝ። መቀቢያ እንጨቱን ሂናው ውስጥ ነከረችና ከትንሿ ጣት ጀመረች።