ቁጥር ሰባት ማሽላ

ስለ ሙቀት የሚያወራ ስብሰባ ጅጅጋ ላይ ለምን እንደተጠራ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ጅጅጋ ነፋሻ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ሹራብ ታስለብሳለች። በ2001 ዓ.ም. የካቲት ላይ "የሙቀት መጨመርና ዕፅዋት" ብለው ሠላሳ አራት ምሁራን ሲሰበስቡ፣ ከአይሻ የመጣው የግብርና ባለሙያ፣ "እኛ ጋ ብትመጡ ሙቀቱን በነፃ እናቀርብላችሁ ነበር" አለ። ማንም አልሳቀለትም። ምሁር አበል ሳይፈርም አይስቅም።

የእኛ የግብርና ምርምር መሥሪያ ቤት ሙቀቱን በላስቲክ ሠርቶታል። ዶክተር ረዲ የሚባል ተመራማሪ ከግቢያችን ጀርባ የላስቲክ ቤት አቁሞ፣ ውስጡ አሥር ዓይነት ማሽላ በአሥር መስመር ዘርቶ፣ ውሃ ቆጥቦ እየሰጠ፣ ሙቀት የሚችለው የትኛው እንደሆነ ሲፈትን ከረመ። እኔ ረቢዓ እባላለሁ፤ የቢሮው ጸሐፊ ነኝ። ሶማሊኛ ስለምችል ሲቸግራቸው አስተርጓሚም ያደርጉኛል። የላስቲክ ቤቱ ዘበኛ አዴር ዐብዱልቃድር ነበሩ። ሶማሌ ታላቁን ሰው አዴር ብሎ ነው የሚጠራው፣ አጎቴ እንደማለት። ዶክተሩን "እሱ"፣ ዘበኛውን "እሳቸው" የምለው ተሳስቼ አይደለም።

አዴር የሀርሺን ሰው ናቸው። ግመሎቻቸውን ድርቅ ጨርሶባቸው ነው ከተማ የገቡት። አገራቸው ወንዝ የለም፤ ሰውም ከብትም የሚጠጣው በርካ በሚሉት የሲሚንቶ ጉድጓድ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው። እዚያ ያደገ ሰው ውሃ ባዶ መሬት ላይ ሲደፋ ካየ ደሙ ይፈላል። አንዴ ብርጭቆ አለቅልቄ ደጅ ስደፋ አይተውኝ፣ "አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ወንዝ አወረሰሽ እንዴ?" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የምደፋው አበባ ላይ ነው።

ዶክተር ረዲ ሲቀጥራቸው ፍየል እንዳያስገቡ፣ ሰው እንዳያስገቡ፣ ቀዩን ባልዲ እንዳይነኩ አዘዛቸው። በባልዲው ውስጥ ያለው በሊትር የተለካ የማሽላው ውሃ ነው። ሁሉንም አከበሩ።

በስብሰባው ቀን የማኅበረሰብ ተወካይ የተባለው ሰውዬ ቶጎጫሌ ለንግድ ሄዶ ቀረ። ያለ ማኅበረሰብ ደግሞ ሪፖርት አያምርም። ሥራ አስኪያጃችን ግራ ቀኝ አየና አዴርን ከበር ጠርቶ ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ማኅበረሰብ ሆኑ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ በሹክሹክታ እተረጉምላቸው ጀመር።

ዶክተር ረዲ ስላይዱን ከፈተ። ዘጠኙ መስመር ደርቆ የመጥረጊያ እጀታ መስሏል። ቁጥር ሰባት ግን ፍሬው ከብዶት ዘንበል ብሏል። "ይህን ዝርያ ሙቀትም የውሃ እጥረትም አልበገረውም" አለ ዶክተሩ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ጽሑፉን የተየብኩት እኔ ነኛ። ቀጥሎ በመጪው ዝናብ የዚሁ ዝርያ ዘር በነፃ የሚታደልባቸው ቀበሌዎች ስም ተነበበ።

አዴር ክንዴን ያዙኝ። "የባቱሎ ቀበሌ አለበት።" ባቱሎ ታናሽ እህታቸው ናት፤ ባሏ ሞቶባት አምስት ልጅ በአንድ ማሳ የምታሳድግ። "ነፃ ዘር ይመጣል ስላሏት ያስቀመጠችውን ዘር ልትሸጠው ነው።"

"ታዲያ ጥሩ አይደል?" አልኳቸው።

"ረቢዓ፣ ቁጥር ሰባት እኮ በሩ ጋ ያለው ነው። ውዱእ የማደርግበት።"

ደጁ ነፋስና አቧራ ነው፤ ከበሩ ውስጥ ግን አንዲት ድንጋይ አለች። እሷ ላይ ተቀምጠው በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ታጥበዋል፤ ውሃው በከንቱ እንዳይሄድ እግራቸውን ማሽላው ሥር እየዘረጉ። አራት ወር ሙሉ! ባልዲውን አልነኩም፤ ውሃው የራሳቸው፣ ማንቆርቆሪያውም የራሳቸው ነው።

እኔ ዝም አይነቅዝም ሲባል ያደግኩ ነኝ። "ዝም ይበሉ" አልኳቸው። "ያባርሩዎታል። ለባቱሎ ለብቻዋ ይንገሯት፣ ዘሯን እንዳትሸጥ።"

"የሌላ ሰውስ እህት?" አሉና እጃቸውን አወጡ።

ማኅበረሰቡ እጁን በማውጣቱ ሰብሳቢው ደስ አለው። ፎቶ አንሺው ሮጠ። አዴር ቆመው በሶማሊኛ ተናገሩና ወደ እኔ ዞሩ። "እንዳለ ተርጉሚው፤ አታሳምሪው።" እንዳለ ተረጎምኩት።

ዶክተር ረዲ ራሱ ሰጋጅ ነው፤ ማስረዳት አላስፈለገም። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲያሰላ አየሁት። "ለምን አልነገሩኝም?" አለ በመጨረሻ።

"ስለ ፍየል ነገርከኝ፣ ስለ ባልዲ ነገርከኝ። የት እንደምታጠብ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

የአይሻው ባለሙያ ብቻውን ሳቀ። አንድ ፕሮፌሰር ደግሞ "አስደሳች ግኝት ነው፣ ለብቻው ሊጠና ይገባል" ብሎ ማስታወሻ ያዘ። የዘሩ እደላ ቀረ።

በአሥረኛው ቀን አዴር ተባረሩ። ደብዳቤውን የተየብኩት እኔ ነኝ። "በሙከራው ሥራ ላይ ባደረሱት ከፍተኛ ጉዳት" ይላል። አንድ ፊደል ሳልስት ጻፍኩት፣ ማኅተምም አስመታሁበት። አንብቢልኝ አሉኝ፤ አነበብኩላቸው። "እሺ" ብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ባቱሎም ነፃ ዘር አስቀረብኝ ብላ አኮረፈቻቸው።

የዚያ ዓመት ዝናብ ሲጀምር ጥሩ ጥሎ አርባ ቀን ጠፋ። ከመከር በኋላ ባቱሎ ቢሮአችን መጣች። ከመግባቷ በፊት ድምጿ ገባ። "አሮጌው ዘሬ የደህና ዓመት ምርቴን ግማሽ ሰጠኝ" አለችኝ። "ልጆቼ ይበላሉ። ወንድሜን ያባረረው ማነው?"

ሥራ አስኪያጁ እንደ ልማዱ አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ነው። ዶክተሩ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። "ቦታቸው ላይ ሌላ ሰው ተቀጥሯል" አልኳት።

"ሥራ መች ጠየቅኩ? ይቅርታ የሚለው ሰው ነው የምፈልገው።"

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ይቅርታ የሚጠይቅ ክፍል የለም፤ መመሪያም አልወጣለትም። ግን አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ። "ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኳት። አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ በሩን እንኳ ሳልቆልፍ እጄን ይዛ እየጎተተች ከብት ገበያ ወሰደችኝ።

አዴር እዚያ ሣር ይሸጣሉ። ክምሩ አጠገብ ቆሜ ይቅርታ አልኳቸው። "ለምኑ ልጄ? አንቺ ታዘሽ ነው" ብለው ሳቁና ሣራቸውን ማሰር ቀጠሉ።

ባቱሎ አልሳቀችም። "ድገሚው" አለችኝ።

ደገምኩት። "ታዝዤም ቢሆን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው። ያን ጊዜ አዴር ሣሩን አስቀመጡት።