ከጓሳ ስንመለስ ያጣነው መንደር

ያን ዓመት ጓሳ ተራራ ላይ ያለው የክዳን ሣር ለአጨዳ ሲፈቀድ ባለቤቴ ታማ ስለነበር የመንደሩ ሰው አጭዶ ሲጨርስ እኛ ገና አልጀመርንም። የቤታችን ክዳን ደግሞ ሌላ ክረምት የሚችል አልነበረም። እንደተሻላት ሽማግሌዎቹን አስፈቅደን፣ ሁለት አህዮች ነድተን ብቻችንን ወጣን። የስልኬ ባትሪ በመጀመሪያው ቀን አለቀ፤ ቢኖረውም እዚያ ኔትወርክ የለም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሣሩን ጭነን ስንመለስ መንገዱ ጭር ብሏል። የዘመሮ ገበያ ቀን ነበር። በግ የሚነዳው፣ ገብስ የጫነው መንገዱን ሊሞላው ሲገባ አንድም ሰው አላገኘንም።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አለችኝ ባለቤቴ።

ነገርኳት። ትንሽ ሄድ ብላ ደግማ ጠየቀችኝ።

እኩለ ቀን ላይ ደረስን። አውድማው ላይ ገብሱ ግማሹ ተለይቶ፣ ግማሹ ከነገለባው ተከምሯል፤ መንሹ እንደተሰካ ነው። የመጀመሪያው ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። «ቤቶች!» ብዬ ተጣራሁ። መልስ የለም። ገባን። ሊጡ ኩፍ ብሎ ከቡሃቃው ፈስሶ መሬቱ ላይ ደርቋል። የሚቀጥለው ቤት ተቆልፏል፤ ከእሱ ወዲያ ያለው በገመድ ታስሯል። ዶሮዎች ከየጓሮው ወጥተው ይከተሉን ጀመር። ሽማግሌ የለ፣ ሕፃን የለ፣ ውሻ እንኳ የለ።

ጦርነቱ ወደ እኛ ይመጣል የሚል ወሬ ስንሰማ ከርመን ነበር። ሰው ሸሽቷል ብዬ ማሰብ ይገባኝ ነበር። ግን የተቃጠለ ቤት አላየሁም፣ ጥይትም አልሰማሁም። የጠፋው የሰው ድምፅ ብቻ ነበር።

«ጌታ መጥቶ ይሆን?» አለች ድምጿን ቀንሳ። «ሁሉንም ወስዶ እኛን ትቶን?»

«ዝም በይ!» አልኳት። የጮህኩባት እኔም ያንኑ ሳስብ ስለነበር ነው።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጬ ደወሉን ደጋግሜ መታሁ። ድምፁ ገደሉ ውስጥ ገብቶ ተመለሰ። ማንም አልመጣም። እስከዚያ ድረስ የፈራሁት ሰው አለመኖሩን ነበር፤ ያኔ ደግሞ ማን ሰምቶኝ ይሆን ብዬ ዙሪያዬን እየቃኘሁ ከዚያ ሸሸሁ።

ስመለስ ባለቤቴ የጎረቤታችንን ላም ታልባለች። ከእኚህ ሽማግሌ ጎረቤት ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልተን ሁለት ዓመት ሰላም አንባባልም ነበር።

«ተይው፣ እንሂድ» አልኳት።

«ጡቷ ሊፈነዳ ነው፤ ስትጮህ አትሰማትም? ደግሞስ ወዴት ነው የምንሄደው?»

እስኪመሽ ድረስ በየበረቱ እየዞርን የታሰሩትን ጥጆች ፈታን፣ በጎቹን ውኃ አጠጣን። እሳት እንዳታነድ ከለከልኳት፤ ጭሱ ያሳብቅብናል ብዬ። በሶ በጥብጠን ጠጣን። በሩን በግንድ ደግፌ መጥረቢያዬን አጠገቤ አኖርኩ።

«አንተ ብትሞት እንዴት አድርጌ እቀብርሃለሁ?» አለችኝ። «መቃብሩን ብቆፍር እንኳ አንተን ብቻዬን መሸከም አልችልም።» እንደ ቀልድ አልነበረም የተናገረችው።

ሲነጋ ጭስ ሸተተኝና ዘልዬ ወጣሁ። ኩበት አቀጣጥላ እርጥብ ገለባ ጭናበታለች። ጭሱ ቀጥ ብሎ ሰማይ ደርሷል።

«አበድሽ እንዴ? ማን እንደሚያየው ታውቂያለሽ?»

«ማንም ይሁን!» አለች እያለቀሰች። «ብቻ ሰው ይምጣ!»

ረፋዱ ላይ ከገደሉ አፋፍ አንድ ሰው ብቅ አለ። መጥረቢያዬን አነሳሁ። እኚያው የተጣላናቸው ጎረቤት ናቸው፤ ጋቢያቸው በእሾህ ተቀዳዷል፣ ላብ አጥምቋቸዋል። እኛን እንዳላየ ሰው አልፈው ቤታቸውን ዞሩት፤ ግድግዳውን በእጃቸው ነኩት። ከዚያ ደጃፋቸው ላይ ዘጭ አሉ።

«የተቃጠለ መስሎኝ» አሉ። «ጭሱን ስናይ ሴቱ ሁሉ እንደ ለቅሶ ቤት ነው የጮኸው።»

ተዋጊዎቹ ተቃርበዋል ተብሎ መንደሩ በሙሉ ከሁለት ቀን በፊት ቆላ ወርዶ ዋሻ መግባቱን ነገሩን። የእኔን ደወል ሲሰሙ ጠላት ገባ ብለው ወደ ዋሻው ውስጥ ዘለቁ።

«እኛንስ ማንም አላሰበንም?» አልኳቸው።

ከጋቢያቸው ላይ አንድ እሾህ ነቀሉ። «አስበናችኋል። ጓሳ ማን ይሂድ ተባለ። ሁሉም ልጁን አየ፣ ሸክሙን አየ። እኔም ዝም አልኩ። እግዜር ያውቃል፣ ዝም አልኩ።»

ባለቤቴ ከላማቸው ያለበችውን ወተት በቅል ቀድታ ሰጠቻቸው። ባንድ ትንፋሽ ጠጡት።

ከሰዓት በኋላ ተከትለናቸው ወረድን። ተዋጊዎቹ በሌላ መንገድ አልፈው ኖሮ ከሳምንት በኋላ ሁላችንም ተመለስን። እኔ ግን የማልረሳው የዋሻውን ደጅ ነው። ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ አህያ ያናፋል፣ ሴቶች በአንድ ድስት ይጣላሉ። ባለቤቴ ጫጫታውን ስትሰማ ቀጥ ብላ ቆመች። ያ ሁሉ ሰው እያየን እጄን ያዘች። በአደባባይ እንዲህ አድርጋ አታውቅም፤ እኔም አላፈርኩም።