የጋሽ ሰብስቤ ፍርድ በፋጉሎ ዶሮ ላይ

በቀደም ከ18 ማዞሪያ ወደ ዓለም ባንክ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ሬዲዮ ላይ አንድ ባለሙያ፣ የኑግ ፋጉሎ ለሥጋ ዶሮ መኖ እንደሚሆን ያስረዳል። ፋጉሎ ማለት ዘይቱ ተጨምቆ ሲወጣ የሚቀረው ጥቁር ጥፍጥፍ ነው። አጠገቤ ለተቀመጠው ጎረምሳ፣ ይህን እኔ የሠራሁት ሰውየው ሳይወለድ ነው አልኩት። ጆሮው ላይ የሰካውን ነቅሎ፣ "ምን አሉኝ አባባ?" አለ። ደገምኩለት። ፈገግ ብሎ መልሶ ሰካው። እሱ ካልሰማኝ እናንተ ስሙኝ።

ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት በዓይኔና በእጄ ነው። በወጣትነቴ እዚሁ ኮልፌ፣ በቆርቆሮ በከለልኩት ጓሮ የፈረንጅ ጫጩት አረባ ነበር። መኖ እንደ ልብ አይገኝም። ከእኛ ቤት በታች ያለው የጋሽ ሰብስቤ ዘይት መጭመቂያ ግን ፋጉሎ አያጣም፤ ከብት አደላቢዎች ናቸው የሚወስዱት። እዚያ በር የደረሰ ሰው የተቆላ ኑግ ሽታ ልብሱ ላይ ተጣብቆ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል። እውነቱን ለመናገር እኔን የሚያመላልሰኝ ፋጉሎው ብቻ አልነበረም። የምትመዝነው የጋሽ ሰብስቤ ልጅ፣ አስካለ ነበረች።

መጀመሪያ ፋጉሎውን አበዛሁባቸው። ገለባው ከበዳቸው መሰለኝ፣ ኩሳቸው ቀጠነ፣ እድገታቸውም ቆመ። ማንንም አልጠየቅሁም። ወቅጬ በወንፊት ነፋሁት፣ መጠኑን ቀነስኩት፣ የተፈጨ በቆሎና ፉርሽካ ጨመርኩበት። የበልግ ዝናብ እንዳያሻግተው ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር አሰጣው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዶሮዎቼ ደረታቸው ሰፍቶ እንደ ባለሥልጣን ቀስ እያሉ መራመድ ጀመሩ። እንደዚያ ያለ ዶሮ ኮልፌ አይታ አታውቅም ስል እያጋነንኩ አይደለም።

ልቤ ሞላና አጎቴን ሽማግሌ ላክሁ። ጋሽ ሰብስቤ፣ ልጄን ለጫጩት ሞግዚት አልድርም ብለው መለሷቸው። በማግስቱ ራሴ ሄድኩ።

"ፋጉሎ የበሬ ነው" አሉኝ። "ዶሮ ከበላችው ሥጋዋ ኑግ ኑግ ይላል። ማን ሊገዛህ ነው? ልጄስ ምን በልታ ታድራለች?"

"ለፋሲካ አንዱን ላምጣና ቀምሰው ይፍረዱ።"

"ኑግ ኑግ ካለ ሁለተኛ ሽማግሌ አትልክም።"

"አልልክም።"

በዋዜማው ከሁሉ የከበደውን ነጭ ዶሮ መርጬ ወሰድኩ። እናቷ ካረፉ ወዲህ ጓዳው በአስካለ እጅ ነበር። የፈረንጅ ዶሮ ሥጋው ለስላሳ ስለሆነ እንደ ሐበሻ ዶሮ እሳት እንዳታበዛበት ነገርኳት። "ሰማሁ" አለች።

በፋሲካ ማለዳ ማዕዱ ቀረበ። አስካለ ጭልፋውን ስታወጣ ባዶ አጥንት ወጣ። ክው አልኩ። ሥጋው ተፈታትቶ ከቁሌቱ ተዋህዷል፤ እግሩ ከፈረሰኛው አይለይም። የባለሙያ ሴት ክብሯ አሥራ ሁለቱን ብልት ሳይፈርስ ማውጣት ነው። በዓል ሊውሉ የመጡት አክስቷ፣ "አስካልዬ፣ ዶሮ ነው የሠራሽልን ገንፎ?" ብለው ሳቁባት። አንገቷን ደፋች።

ጋሽ ሰብስቤ ግን ጎረሱ። ደገሙ። ማንንም ቀና ብለው ሳያዩ፣ ወጡን በእንጀራ እየጠረጉ፣ ሌላ እያስጨመሩ በሉ። ከዚያ ታጥበው ወደ እኔ ዞሩ።

"ኑግ ኑግ አይልም" አሉ። "ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ቤት እንደምገኝ ለአጎትህ ንገራቸው።"

አስካለ ነገሩን የገለጠችልኝ ከተጋባን በኋላ ነው። የአባቷ መንጋጋ ጥርሶች ካለቁ ቆይቶ ኖሯል፤ ለሰው አይናገሩም። በየበዓሉ ብልቱን ለእንግዳ እያሳለፉ እሳቸው በመረቁና በእንቁላሉ ይጨርሱ ነበር። እንግዶቹ ደግነት ይመስላቸው ነበር። የዶሮዬን ለስላሳነት ከእኔ አፍ ስትሰማ፣ ሆን ብላ እሳቱን አበዛችበት። "አባዬ ሥጋ ይብላልኝ፣ እኔ ይሳቅብኝ ብዬ ነው" አለችኝ።

ዛሬም ይህ ወሬ ሲነሣ፣ ፋጉሎዬ ሥጋውን ባያፋፋው ኖሮ ምኑን ታቀልጪው ነበር እላታለሁ፤ አልረታም። እሷም አትከራከረኝም። ስለ ዶሮ መኖ የማላውቀው ነገር የለም። ሰው ማዕድ ፊት ተቀምጦ የሚደብቀውን ግን ከእሷ በቀር ያየ አልነበረም። እንዲህ ያለችውን ሴት ለይቶ ማግባት ራሱ ዕውቀት ነው። እሱንም ቢሆን ማንም አላስተማረኝም።