ማሳው ጠጥቷል

ዛሬ ቆቦ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞርኩ «ጎርፍ ሳይመጣ ውጡ» እያልኩ ስለፈልፍ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ ከተራራው በኩል መጣ።

ልጅ ሳለሁ ይኸው ሽታ ሲመጣ እናቴ ማሽላውን በጆንያ አድርጋ አህያ ላይ ስትጭን፣ አባቴ ጎርፉን በቦይ ጠልፎ ማሳውን ሊያጠጣ አካፋውን አነሳ። «እንግዳ መጣ ተብሎ ቤት ተጥሎ አይኬድም» አላት። ማታ እስከ ደረቱ ጭቃ ለብሶ፣ እኔና እናቴ ሸሽተን ያረፍንበት ጉብታ ላይ ደረሰ። ቤታችንን ጎርፍ ወስዶታል። «ማሳው ግን ጠጥቷል» አለ። እናቴ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ፊቷን አዞረችበት። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

አሁን የመጨረሻው ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ሽማግሌ አካፋ ይዘው፣ ከአህያቸውና ከማሽላ ጆንያቸው አጠገብ ቆመዋል።

«አባባ፣ ይውጡ።»

«ማሽላዬ ሳይጠጣ?»

ፊቴን አዙሬ ጆንያቸውን አህያው ላይ መጫን ጀመርኩ።