የታደሰው የወንድሜ ፊት

ታላቅ ወንድሜ በሞተበት ክረምት የቤታችን ጣሪያ ያፈስ ነበር። ሁላችንም ድንኳን ውስጥ ስለነበርን ልብ ያለው ሰው የለም። ለቀስተኛው ተበትኖ ወደ ቤት ስንገባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶው ውሃ ገብቶበታል። ወረቀቱ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። እናቴ ላላቅቀው ብላ ስትስበው ከግንባሩ እስከ አፍንጫው ያለው ተላጠ። መስታወቱ ላይ የቀረው ቀለም እንጂ ፊት አልነበረም።

ሌላ ፎቶ የለውም። መነሳት አይወድም ነበር። የቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶ ደግሞ ማኅተሙ ልክ ዓይኑ ላይ አርፎባታል።

«ይጠግኑታል» አለች እናቴ። ለአርባው ተዝካር እንዲደርስላት ፈለገች። ለመቃብሩ ሐውልትም የሚሆነው ያው ፎቶ ነው። ድንጋይ ጠራቢው ለፎቶው ሞላላ ቦታ አውጥቶ እየጠበቀን ነበር።

አጠገባችን የተቀመጡት ጎረቤታችን ዕድሜያቸውን በባቡር ጥገና የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። እናቴን ትንሽ ፈገግ ሊያሰኟት ፈልገው መሰለኝ፣

«የሚጠገነውስ ባቡር ነው። ቤት ይታደሳል፣ መታወቂያ ይታደሳል፣ ፎቶም ይታደሳል ነው የሚባለው» አሏት።

«እናንተ የጠገናችሁት ባቡር የት ደረሰ? ይኸው ቆሞ ቀረ!» አለቻቸው።

ሳቁ። እሷም ልትስቅ ነበር። አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ፎቶ ቤቱ አቃቂ፣ ዋናው መንገድ ዳር ነው። በሩ ላይ «ያረጀ ፎቶ እናድሳለን» የሚል ተጽፏል። ባለሙያው ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ኮምፒውተር ላይ ከአንዲት ሙሽራ ጀርባ ፏፏቴ እያስገባ ነበር። ያመጣሁትን አየና ሳቀ።

«ይሄንን ምን በላው? አይጥ ነው?»

«ዝናብ» አልኩት።

«አታስብ ጀለስ! የኛ ኮምፒውተር ከሞተ ሰው በቀር የማያድሰው ነገር የለም።»

ጥቁር ልብሴን ያየው ያኔ ነው። ማዳመጫውን አወለቀ።

«ይቅርታ፣ ወንድሜ። ነፍስ ይማር። ምንህ ነው?»

«ታላቅ ወንድሜ።»

ፎቶውን መስኮቱ ጋ ወስዶ አገላበጠው። አገጩ አለ። አፉ አለ። ጆሮዎቹም አሉ።

«ሌላውን አጠራዋለሁ። ጃኬቱንም በኮት እቀይረዋለሁ። እዚህ ጋ ግን ባዶ ነው። ዓይን ከየት አመጣለሁ?»

ከዚያ እኔን አየኝ። ትኩር ብሎ አየኝ።

«እስኪ እዚያ በርጩማ ላይ ቁጭ በልልኝ።»

«ለምን?»

«ለማመሳከር ነው። ወደ እኔ እይ። እንዳታለቅስ፣ ዓይንህ ይቀላል።»

መብራቱ ፊቴ ላይ ቦግ አለ። ቅርጼን አይቶ የሚስል መስሎኝ ነበር።

ልወስደው ስመለስ ፎቶው በትልቁ ታትሞ፣ ፍሬም ገብቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። ልጁ አዞረልኝ። ወንድሜ ለብሶት የማያውቀው ኮትና ከረባት። የወንድሜ አገጭ። የወንድሜ አፍ። ዓይኖቹ ግን… እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። የእኔ ናቸው። በርጩማው ላይ ተቀምጬ እንባዬን የያዝኩበት አስተያየት ነው። ወንድሜ ፊት ውስጥ ሆኜ ላለማልቀስ እታገላለሁ።

«እንደ አዲስ ሆነ አይደል?» አለኝ። «የወንድማማች ዓይን አንድ ነው። ማንም አይለየው።»

ቤት ስደርስ እናቴ ከእጄ ነጥቃ ሳመችው። «መጣልኝ» አለች፤ «ልጄ ተመለሰልኝ።» ከዚህ በኋላ ምን ብዬ ልናገር?

በተዝካሩ ቀን ከወንድሜ ጋር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ ሴቶች ፎቶውን እየተቀባበሉ አለቀሱ። አንዷ ታቅፋው ቀና ስትል ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ልቅሶዋ ቆመ። ወደ ፎቶው አየች፣ ወደ እኔ አየች። ፎቶውን አጠገቧ ላለችው ሰጥታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። በኋላ ውሃ ይዤ በጀርባዋ በኩል ሳልፍ፣

«እባክህ ከኋላዬ አትቁም» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ቤት ውስጥ መቀመጫ አጣሁ። የትም ብቀመጥ ራሴን ከግድግዳው ላይ ሆኜ አየዋለሁ። መስታወት ፊት ስቆም ደግሞ በዓይኔ ዙሪያ ያለው ፊት የእኔ አይመስለኝም። ከዚህ ሁሉ የባሰው ሌላ ነው። የወንድሜን ዓይን ላስታውስ ስሞክር የሚመጣልኝ የፎቶው ነው። እውነተኛው እየጠፋብኝ ነበር።

ፎቶውን ለድንጋይ ጠራቢው ልወስድ በተዘጋጀሁበት ጠዋት እናቴ ፎቶው ሥር ተቀምጣ ጠራችኝ።

«ና እስኪ። ዓይንህን ጨፍንልኝ።»

ጨፈንኩ። በአውራ ጣቷ የዓይኔን ቆብ ዳሰሰችው። ቀጥሎ ጣቷ መስታወት ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ። የእሱንም እየዳሰሰች ነበር።

«እሱ እንዲህ አይቶኝ አያውቅም» አለች። «እንዲህ የምታየኝ አንተ ነህ።»

ዓይኔን ገለጥኩ። «መቼ አወቅሽ?»

«የሳምኩት ጊዜ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተስ?»

ቀና ብዬ ፎቶውን አየሁ።

«በሕይወት ያለ ልጅ ዓይን መቃብር ላይ አላስቀምጥም። አንዱ ይበቃኛል» አለች። ፎቶውን አውርዳ በጋቢዋ ጠቀለለችው። ድንጋይ ጠራቢውን ሞላላውን በሲሚንቶ እንዲደፍነው ንገረው ብላ ላከችኝ። በሩ ላይ ስደርስ ደግሞ መለሰችኝ።

«የእሱ ግን እንዴት ነበር? ዓይኑ።»

ቆምኩ። አሰብኩ። «ሲስቅ… ግራው ትንሽ ይጠብ ነበር።»

«ቀኙ ነው።»

«ግራው ነው፣ እማዬ። ፊት ለፊት ስለምታዪው ነው ቀኝ የሚመስልሽ።»

«እኔ ነኝ የወለድኩት! አንተ ልታስተምረኝ ነው?»

ተነስታ ፊቴ ቆመች። እጇን አነሳች። ዓይኔን የምትነካ መስሎኝ ጨፈንኩ፤ አልነካችኝም። ስገልጥ ጣቷ ከራሴ በላይ፣ ባዶው ቦታ ላይ ቆሟል። ትንሽ ወደ ግራ አደረገችው። መልሳ ወደ ቀኝ።

«እዚህ ጋ» አለች።

ወንድሜ ከእኔ ይረዝም ነበር።