የጤና አዳሜ ቅማል

ልጄ ዌስትውድ ካለው ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ስለ ተባይ መሆኑን ለቤተ ክርስቲያን ሰው ነግሬ አላውቅም። "ሳይንስ ነው" እላለሁ። "ሐኪም ልትሆን ነው?" ሲሉኝ "እግዚአብሔር ያውቃል" እላቸዋለሁ። ውሸት አይደለም፤ ሐኪም እንደማትሆን በደንብ ያውቃል።

አንድ ቅዳሜ ፌርፋክስ ሰፈር ከምሠራበት ምግብ ቤት ወደ ቤት ስገባ፣ ልጄ በረንዳው ላይ ተንበርክካ የጤና አዳሜን ግንድ በአጉሊ መነጽር ታያለች። ግንዱ ላይ ከምስር ክክ ያነሱ ቡናማ ቅርፊቶች ተለጥፈዋል። እኔ የግንዱ ልጣጭ ይመስሉኝ ነበር።

"እማ፣ እነዚህ ነፍሳት ናቸው። ሴቶቹ ናቸው። የተክሉን ጭማቂ እየመጠጡ ነው የሚኖሩት።"

"እግራቸውስ?"

"እነዚህ ካደጉ በኋላ አይራመዱም። ክንፍም የላቸውም። አንዴ የተጣበቁበት ቦታ ይጠጣሉ፣ እንቁላላቸውን ከሥራቸው ያደርጋሉ፣ ይሞታሉ።"

"ወንዱስ?"

"ወንዱ ክንፍ አለው፣ አፍ የለውም። ሁለት ቀን ቢኖር ነው።"

"አፍ የሌለው ወንድ!" አልኳት። "እንዲህ ያለ እያለ ነው እኔ አባትሽን ያገባሁት?"

ሁለቱን በመርፌ ፈልቅቃ ወሰደች። ትምህርት ቤቷ ውስጥ ሆዳቸው ባዶ እስኪሆን ይቀቀላሉ፣ ቀይ ቀለም ውስጥ ይነከራሉ፣ መስታወት ላይ ይለጠፋሉ። ከዚያ ይሳላሉ፤ በግራ በኩል ጀርባቸው፣ በቀኝ በኩል ሆዳቸው፣ በአንድ ሥዕል። እኔ እንደዚያ ብሳል ማን ያውቀኛል?

እሁድ ጠዋት ደወለች። "እማ፣ ያቺ ነፍሳት መጽሐፍ ውስጥ የለችም! እስከ ዛሬ ማንም አልጻፋትም። እኔ ከጻፍኳት የመመረቂያ ሥራዬ እሷ ናት። ነገ መምህሬ ጤና አዳሙን ልታይ ቤት ትመጣለች፣ ኦኬ?"

መምህሯ! እኔ ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ መምህር ሲባል አሁንም ጥፍሬን አያለሁ። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ምንጣፉን ጠረግሁ፣ መጋረጃውን አጠብኩ። ከዚያ ጤና አዳሙን አየሁት። የተማረች ሴት ከዌስትውድ ድረስ መጥታ ቅማላም ተክል ላሳያት? ልጄ እንደሆነ የሚያስፈልጋትን ሁለት ወስዳለች። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ግንዱን ከላይ እስከ ታች ፈተግሁት። እጄን አሳከከኝ፤ ቢሆንም አበራ።

ሰኞ መምህሯ ከልጄ ጋር መጣች፣ ተንበረከከች፣ አየች፣ ደግማ አየች።

"እማ፣ ምን አደረግሽ?"

"አጸዳሁታ! እንግዳ አይደል የሚመጣው?"

ልጄ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከሁለቱ አንዷ ስትቀቀል ተሰብራለች፤ በአንዲት ብቻ ደግሞ አይጻፍም፣ ብዙ ሴቶች ጎን ለጎን መታየት አለባቸው። የልጄን ምርቃት በጥርስ ብሩሽ ፈትጌ በቧንቧ ለቅቄዋለሁ።

ያኔ ኢንግልዉድ ሰፈር የሚኖሩት የቤተ ክርስቲያናችን እትዬ ትዝ አሉኝ። አምና ከዚሁ ግንድ ቆርጬ ሰጥቻቸው ነበር። የእትዬ ቤት ከንጽሕናው የተነሣ መሬቱ ላይ እንጀራ ይቀርባል። ያን ዕለት ሳይመሽ ልጄን ይዤ ሄድኩ።

"እትዬ፣ ጤና አዳሙ እንዴት ሆነልዎ?"

"ካንቺው በልጧል።"

"ቅማል... የለውም?"

"በእኔ ቤት? በኢየሱስ ስም! ልትሰድቢኝ ነው የመጣሽው? ካለውም ካንቺ የመጣ ነው!"

"አዎ እትዬ፣ ከእኔ ነው። እባክዎ ይኑረው!"

ልጄ አጥሩ ሥር ካለው ጤና አዳም አጠገብ ተንበርክካለች። "ሞልቷል!" ብላ ጮኸች። "እማ፣ ግንዱ አይታይም!"

"ቀስ በይ ልጄ፣ ጎረቤት ይሰማሻል" አሉ እትዬ፣ በነጠላቸው ፊታቸውን እየሸፈኑ።

ልጄ ጽፋ ጨረሰች፣ ተመረቀች። በእኔ ስም ልትሰይማት ጠይቃኝ ነበር። "ወልጄ አሳድጌሽ በቅማል ልታስጠሪኝ?" ብዬ ከለከልኳት። ጽሑፉ ላይ የተገኘችበት ቦታ ኢንግልዉድ፣ ግቢ ውስጥ ያለ ጤና አዳም ይላል። እትዬ ይህን ከሰሙ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ "ዓለም የማያውቃት የእኔ ግቢ ነፍሳት" እያሉ ይመሰክራሉ፤ ሰው ያጨበጭባል። ከእኔ ግንድ ናት ልል እነሣና፣ ያንቺዎቹስ የት ሄዱ ቢሉኝ ብዬ እቀመጣለሁ።

በኋላ ከእትዬ ግንድ ከነነዋሪዎቹ ቆርጬ አመጣሁ። በረንዳዬ ላይ ነው፤ አልነካውም። እንግዳ ሲመጣ ብቻ ፎጣ ጣል አደርግበታለሁ።