የንስሩ ዓይን እስኪጠራ

ባለቤቴ በሐይቅ ዳሯ ከተማችን መሃል ፎቶ ቤት ነበረው። በደርግ ጊዜ ጉርድ ፎቶ የማይጠይቅ መሥሪያ ቤት ስላልነበረ ሥራ አልጠፋም፤ እሱ ግን አርፎ መቀመጥ አይሆንለትም። አንድ መሥሪያ ቤት ለቀን መቁጠሪያ የሐይቁን ወፎች አንሣልን ሲለው፣ ዙም ያለው ካሜራ ከአዲስ አበባ ተውሶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ዕረፍት አጣ።

የመጀመሪያውን ፊልም ስናጥበው ወፉ ሁሉ ደብዝዟል። "ነፋሱ ነው" አለ። ቀጣዩም ደበዘዘ። "ሌንሱ ነው!" ብሎ በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ። ፊልም እንደ ልብ አይገኝም፤ ጭንቀቱ ወደ እኔም ተጋባ።

በማግሥቱ አብሬው ሄድኩ። ራሱ ነጭ የሆነው ዓሣ አዳኝ ንስር ከሐይቁ ዳር፣ ራቅ ያለ ዋርካ ላይ ተቀምጧል። ባለቤቴ ካሜራውን መቆሚያው ላይ አስሮ የሌንሱን ቀለበት ያዞራል፣ ይተወዋል፣ ደግሞ ያዞራል። ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ ከወዲያ አፍጥጦብናል።

"ቶሎ በል እንጂ!" አልኩት።

"የጠራ መሰለኝ። እስቲ እይው።"

አየሁ። ንስሩ ጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስላል።

"ኧረ አልጠራም!"

ቀለበቱን ቀስ አድርጌ አዞርኩት። ፊት ለፊት ያለው ቅርንጫፍ ጠራ፤ ትንሽ አለፍኩት። ላባው አንድ በአንድ ተለየ፤ ዓይኑ ውስጥ ብርሃን ታየኝ። ትንፋሼን ያዝኩና የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩ።

ማታውኑ አጠብነው። ባለቤቴ ፎቶውን መብራት ሥር ይዞ አራቀው፣ አቀረበው፣ መልሶ አራቀው።

"ዓይኑ ይታያል?" አለኝ።

በእጁ ይዞት እኔን ይጠይቀኛል። ፎቶ ቤታችን ውስጥ የደንበኛው ወንበር ከቦታው ንቅንቅ ስለማይል ሌንሱን ማስተካከል አያስፈልገውም፤ ለካ እስካሁን በልማድ ነበር የሚያነሣው።

"ሐኪም ይይህ" አልኩት።

"ወፎቹስ?"

"እኔ አነሣለሁ።"

ተቆጥቶ ወጣ። በረንዳው ላይ ሲንጎራደድ ይሰማኛል። ሲመለስ፣ "መሥሪያ ቤቱ ያንን ባለ ረጅም እግር ወፍ፣ አባ ኮዳንም ይፈልጋል። ነገ በጠዋት እንውጣ" አለ።

የቀሩትን ሁሉ እኔ አነሣሁ። እሱ ከኋላዬ እየተቁነጠነጠ፣ "ዓይኑን ያዢ፣ ዓይኑን!" ይለኛል። ካሜራውን ሊመልስ አዲስ አበባ ሄዶ መነጽር አድርጎ መጣ። የዚያን ዕለት ፎቶዎቼን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሲያገላብጥ ቆየና አንዱን አነሣ።

"ይሄኛው ደብዝዟል" አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። እውነቱን ነበር።